ከምንጩ የተሠራ ኢንጂን፦ ኮንቴይነር፣ ሊኑክስና የደቡብ ጎንደር ደጋ

አንድ ፕሮግራም በተሠራበት ኮምፒውተር ላይ ያለ እንከን ሲሠራ ቆይቶ ወደ ሌላ ማሽን ሲዛወር እምቢ የሚልበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ከራሱ ከፕሮግራሙ ሳይሆን በዙሪያው ካለው ነገር የሚመነጭ ነው። ፕሮግራሙ የሚገለገልባቸው ላይብረሪዎች፣ ማለትም ሌሎች ሰዎች አስቀድመው ያዘጋጇቸው የኮድ ስብስቦች፣ እትማቸው ይለያያል፤ የቋንቋና የሰዓት ቅንብሩም ሆነ የፋይሎቹ አቀማመጥ ከማሽን ማሽን አንድ አይደለም። ኮንቴይነር ይህን ችግር ለማቃለል የተበጀ ዘዴ ሲሆን፣ ፕሮግራሙን ከነሙሉ ጓዙ በአንድ ጥቅል አስሮ በየትኛውም ተስማሚ የሊኑክስ ማሽን ላይ በተመሳሳይ መልኩ እንዲሠራ ያደርገዋል። ጥቅሉ ኢሜጅ ይባላል፤ ኢሜጁ ተነሥቶ ሥራ ሲጀምር ኮንቴይነር ይሆናል፤ ኢሜጁን የሚያመጣው፣ የሚፈታው፣ የሚያስነሣውና የሚያቆመው ሶፍትዌር ደግሞ የኮንቴይነር ኢንጂን ተብሎ ይጠራል።

ኢንጂኑን ከአንድ የሊኑክስ ሥርጭት የፓኬጅ ማከማቻ ተዘጋጅቶ እንዳለ መጫን ይቻላል፤ ሰዎች የጻፉትን ምንጭ ኮድ አውርዶ በራስ ማሽን ላይ ኮምፓይል በማድረግ፣ ማለትም ማሽኑ ወደሚረዳው ቋንቋ በመለወጥ መጫንም ይቻላል። ሁለተኛው መንገድ ረጅምና አድካሚ ቢሆንም፣ እንደ ደብረ ታቦርና እንደ አካባቢው የደቡብ ጎንደር ወረዳዎች ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት፣ በጀት በሚያጥርበትና ባለሙያ ቶሎ ቶሎ በሚቀያየርበት ስፍራ መቼ እንደሚያዋጣና መቼ እንደሚጎዳ ለይቶ ማወቅ ይገባል።

የኮንቴይነር ውስጠ ነገር

ኮንቴይነር ብዙ ጊዜ ከቨርቹዋል ማሽን ጋር ይምታታል። ቨርቹዋል ማሽን በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ የተመሰለ ሌላ ሙሉ ኮምፒውተር ስለሆነ የራሱን ከርነል፣ ማለትም የማሽኑን አካላት የሚያስተዳድረውን የሥርዓተ ክወናውን እምብርት፣ ይዞ ይነሣል፤ ስለዚህም ብዙ ማኅደረ ትውስታና ብዙ ጊዜ ይወስዳል። ኮንቴይነሮች ግን በአንድ ግቢ ውስጥ ተከራይተው የሚኖሩ አባወራዎች አንድ የመብራትና አንድ የውኃ ቆጣሪ ተጋርተው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን በር ዘግተው እንደሚኖሩ ሁሉ፣ አንዱን የሊኑክስ ከርነል በጋራ እየተጠቀሙ እርስ በርሳቸው ሳይተያዩ ይሠራሉ። በዚህ ምክንያት ሦስትና አራት ቨርቹዋል ማሽን መሸከም የማይችል አሮጌ ሰርቨር ብዙ ኮንቴይነሮችን ሊያስተናግድ ይችላል።

የመለያየቱ ሥራ የሚከናወነው በኢንጂኑ ሳይሆን በከርነሉ ነው። ኔምስፔስ የሚባለው የከርነል ክፍል አንድ ፕሮግራም የትኞቹን ሌሎች ፕሮግራሞች፣ ፋይሎች፣ የኔትወርክ መስመሮችና ተጠቃሚዎች ማየት እንዳለበት ይወስናል፤ ሲግሩፕ የሚባለው ደግሞ ምን ያህል ማኅደረ ትውስታና የማቀነባበሪያ ጊዜ መውሰድ እንደሚችል ይለካል፣ ይገድባል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኒክስ ላይ የታየው ቺሩት የተባለ ትእዛዝ አንድን ፕሮግራም በአንድ የፋይል ማኅደር ውስጥ አጥሮ ያስቀምጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ፍሪ ቢ.ኤስ.ዲ. የተባለው ሥርዓተ ክወና የተሟላ አጥር ይዞ መጣ፤ በጉግል ባለሙያዎች የተጀመረው ሲግሩፕም እ.ኤ.አ. በጥር 2008 በወጣው የሊኑክስ ከርነል 2.6.24 ውስጥ ገባ። ዶከር የተባለው ኢንጂን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2013 ለሕዝብ ሲቀርብ ያደረገው እነዚህን ተበታትነው የነበሩ የከርነል አቅሞች በቀላል ትእዛዝ አሰባስቦ ማቅረብና ኢሜጆችን ማጋራት ቀላል ማድረግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የኢሜጅና የማስነሻ ደንቦች ለሁሉም ክፍት በሆነ ስታንዳርድ መደንገግ ስለጀመሩ፣ ዛሬ በዶከር የተዘጋጀ ኢሜጅ በሌላም ኢንጂን ይነሣል፤ ከእነዚህም ውስጥ ሬድ ሃት በተባለው ኩባንያ አስተባባሪነት የተሠራውና የመጀመሪያ ዋና እትሙ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ፖድማን አንዱ ነው።

ፖድማንን ለአነስተኛ ተቋማት ተመራጭ ከሚያደርጉት ጠባዮቹ አንዱ ሁልጊዜ ከበስተጀርባ የሚሠራ የበላይ አገልጋይ ፕሮግራም የማያስፈልገው መሆኑ ሲሆን፣ ሌላው ተራ ተጠቃሚ ያለ አስተዳዳሪ ሥልጣን ኮንቴይነር እንዲያስነሣ መፍቀዱ ነው። የሚሠራበት መንገድ እንዲህ ነው፦ ለአንድ ተጠቃሚ ለምሳሌ ከ100000 የሚጀምሩ 65536 የመለያ ቁጥሮች ይመደቡለታል፤ በኮንቴይነሩ ውስጥ ሩት፣ ማለትም የሁሉ አዛዥ፣ መስሎ የሚታየው ፕሮግራም ከውጭ ሲታይ ያው ተራ ተጠቃሚ ነው፤ በኮንቴይነሩ ውስጥ ያሉት ሌሎች ተጠቃሚዎችም ከውጭ በተመደቡት ቁጥሮች ይወከላሉ። ስለዚህ ፕሮግራሙ አጥሩን ጥሶ ቢወጣ እንኳ በእጁ የሚገኘው የአንድ ተራ ተጠቃሚ ሥልጣን ብቻ ይሆናል። ብዙ ተማሪዎች አንድ ሰርቨር በሚጋሩበት የዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ውስጥ ይህ ጠባይ ከሁሉ የበለጠ ዋጋ አለው።

ለምን ከምንጭ?

ዝግጁ ፓኬጅ እያለ ከምንጭ መሥራት የሚመረጥበት ምክንያት ብዙውን ጊዜ የእትም ልዩነት ነው። ለረጅም ጊዜ ድጋፍ የሚሰጣቸው የሊኑክስ ሥርጭቶች መረጋጋትን ስለሚያስቀድሙ በወጡበት ጊዜ የነበረውን እትም ይዘው ይቆያሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኡቡንቱ 22.04 ከማከማቻው የሚሰጠው ፖድማን 3.4 ሲሆን፣ ኮንቴይነሮችን ሰርቨሩ ሲበራ በራሳቸው እንዲነሡ በአጭር ጽሑፍ ለማዘዝ የሚያስችለው ኳድሌት የተባለው አሠራር የመጣው ግን እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣው ከፖድማን 4.4 ጀምሮ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ሰርቨሩ በሚጠፋበት ከተማ ኮንቴይነሮች ሰው ሳይነካቸው መልሰው መነሣታቸው የምቾት ጉዳይ ብቻ ስላልሆነ፣ ሥርዓተ ክወናውን ከነጭራሹ መቀየር ያልቻለ ተቋም አዲሱን ኢንጂን ከምንጩ ለመሥራት በቂ ምክንያት አለው።

ሁለተኛው ምክንያት ትምህርት ነው። በ2004 ዓ.ም. ትምህርት የጀመረው ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛው ትውልድ ተብለው ከሚጠሩት የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው፤ እንዲህ ባለ ተቋም የኮምፒውተር ትምህርት የሚከታተል ተማሪ አንድ ኢንጂን ከየትኞቹ ክፍሎች እንደተገጣጠመ የሚያየው በአንድ የመጫኛ ትእዛዝ ሳይሆን ክፍሎቹን አንድ በአንድ ሠርቶ ሲገጥማቸው ነው።

በአንጻሩ ከምንጭ የተሠራ ኢንጂን ከባድ ዕዳ ይዞ ይመጣል። ከማከማቻ የተጫነ ፓኬጅ የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝበት ሥርጭቱ ማሻሻያውን አዘጋጅቶ ይልካል፤ ከምንጭ የተሠራውን ግን የሠራው ሰው ራሱ ካልተከታተለው ማንም አያሻሽለውም። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ራን-ሲ በተባለው የኮንቴይነር ማስነሻ ፕሮግራም ውስጥ አጥሩን ጥሶ ወደ ዋናው ማሽን ለመውጣት የሚያስችል ቀዳዳ መገኘቱ ተገልጾ በእትም 1.1.12 ሲደፈን፣ ማከማቻቸውን በየጊዜው የሚያድሱ ተጠቃሚዎች ማሻሻያውን በአንድ ትእዛዝ አገኙ፤ በእጃቸው የሠሩት ግን ዜናውን ሰምተው እንደገና ኮምፓይል ማድረግ ነበረባቸው።

የአሠራሩ ቅደም ተከተል

ፖድማን የተጻፈው ጎ በተባለው፣ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2009 ለሕዝብ ባቀረበው የፕሮግራም ቋንቋ በመሆኑ፣ የመጀመሪያው ተግባር የጎ ኮምፓይለር ማግኘት ነው። ኡቡንቱ 22.04 የሚሰጠው ጎ 1.18 ለአዳዲሶቹ የፖድማን እትሞች ስለማይበቃ ኮምፓይለሩ ራሱ ከአዘጋጆቹ ተሠርቶ ያለቀው ይወርዳል፤ ከምንጭ እሠራለሁ የሚል ሁሉ በአንድ ቦታ ላይ ሌሎች የሠሩትን ማመን ግድ እንደሚሆንበት እዚህ ላይ ይታያል። ከዚያ ቀጥሎ የሲ ቋንቋ ኮምፓይለርና ሜክ የተባለው የሥራ ቅደም ተከተል አስፈጻሚ፣ እንዲሁም የላይብረሪዎቹ የግንባታ ፋይሎች ይጫናሉ፤ ከእነዚህም ውስጥ የኢሜጅ ፊርማ ለማረጋገጥ የሚያገለግለው ጂ.ፒ.ጂ.ኤም.ኢ. እና አንድ ፕሮግራም ከርነሉን ምን ምን መጠየቅ እንደሚችል የሚገድበው ሴክኮምፕ ይገኙባቸዋል።

ፖድማን ብቻውን ኮንቴይነር አያስነሣም። በሲ ቋንቋ የተጻፈው ሲ-ራን ወይም በጎ የተጻፈው ራን-ሲ ከርነሉን አዝዞ ኮንቴይነሩን ይፈጥራል፤ ኮንሞን የተባለው ትንሽ ፕሮግራም ኮንቴይነሩን እየተከታተለ ውጤቱን ይመዘግባል፤ በራስት ቋንቋ የተጻፉት ኔታቫርክና አርድቫርክ ደግሞ የኔትወርኩንና የስም ፍለጋውን ሥራ ይይዛሉ። እነዚህ ሁሉ ለየብቻ ኮምፓይል ተደርገው በየቦታቸው ከተቀመጡ በኋላ የፖድማን ምንጭ ኮድ በሜክ ይገነባል፤ በመጨረሻም የመጫኛው ትእዛዝ ሲሰጥ ኢንጂኑ ዩዘር ሎካል በተባለው፣ ከማከማቻ ለሚመጡ ፓኬጆች ሳይሆን የማሽኑ ባለቤት ራሱ ለሚጭናቸው ነገሮች በተለየው ማኅደር ውስጥ ይገባል። በዚያው ማሽን ላይ ከማከማቻ የተጫነ አሮጌ ፖድማን ካለ ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚኖሩ፣ የሚነሣው የትኛው እንደሆነ መጀመሪያ ማረጋገጥ ከብዙ ግራ መጋባት ያድናል።

ግንባታው ያለ ስሕተት ተጠናቅቆ ኢንጂኑ ግን የማይሠራባቸው ሁለት የታወቁ ምክንያቶች አሉ። አንደኛው የትኛው ኢሜጅ እንደሚታመን የሚደነግገው የፖሊሲ ፋይል አለመኖሩ ነው፤ ፓኬጁ ይህን ፋይል አብሮ ያመጣ ነበር፣ ከምንጭ የሚሠራው ሰው ግን ራሱ ጽፎ ኢ.ቲ.ሲ. በተባለው የቅንብር ማኅደር ሥር ማስቀመጥ አለበት፤ ፋይሉ በሌለበት ፖድማን ምንም ኢሜጅ አያወርድም። ሁለተኛው እንደ ኡቡንቱ 24.04 ባሉ አዳዲስ ሥርጭቶች ላይ የሚያጋጥም ሲሆን፣ አፕአርሞር የተባለው የጥበቃ ሥርዓት ተራ ተጠቃሚ አዲስ ኔምስፔስ እንዳይፈጥር ይከለክላል፤ ለፖድማን የተሰጠው ልዩ ፈቃድ የሚሠራው ከማከማቻ ለመጣው የተለመደ አድራሻ ብቻ ስለሆነ፣ በዩዘር ሎካል ውስጥ ላለው አዲስ ኢንጂን ተመሳሳይ ፈቃድ መጻፍ ያስፈልጋል።

መስመሩ ሲቋረጥ

ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደብረ ታቦር የሰርቨር ክፍል ማቀዝቀዝ እንደ ቆላ ከተሞች ብዙ አያስቸግርም፤ አስቸጋሪው መስመሩ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ሳቢያ የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ መቆየቱ፣ ሁሉን ነገር በሚያስፈልግበት ሰዓት ከውጭ አወርዳለሁ ብሎ ማቀድ ምን ያህል እንደማያስተማምን አሳይቷል።

ከምንጭ መሥራት በዚህ ረገድ ሊጠቅምም ሊጎዳም ይችላል። የጎ ፕሮግራሞች ሲገነቡ የሚያስፈልጓቸውን ላይብረሪዎች በተለምዶ ከኢንተርኔት ስለሚያወርዱ ግንባታው መሃል ላይ ሊቆም ይችላል፤ የፖድማን ምንጭ ኮድ ግን የሚያስፈልጉትን የጎ ላይብረሪዎች ቬንደር በተባለ ማኅደር ውስጥ ይዞ ስለሚመጣ አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ ያለ መስመር ይገነባል። መብራት ሄዶ ግንባታው ቢቋረጥም የጎ ኮምፓይለር የጨረሳቸውን ክፍሎች ስለሚያስቀምጥ ከቆመበት ይቀጥላል። ምንጩን ጊት በተባለው የኮድ ለውጥ መከታተያ ማውረድ ግን እንዲህ አይደለም፤ መሃል ላይ ከተቋረጠ እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ስለዚህ ያለፉትን ዓመታት የለውጥ ታሪክ ሁሉ ትቶ የሚፈለገውን እትም ብቻ ማውረድ ይሻላል።

ኢሜጆችንም በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዶከር ሀብ የተባለው ትልቁ የኢሜጅ ማከማቻ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ደንብ ሳይመዘገቡ የሚያወርዱ ሰዎችን በአንድ የኢንተርኔት አድራሻ በ6 ሰዓት 100 ኢሜጅ ብሎ ገድቧቸው ነበር፤ ቁጥሩ በኋላ ቢለዋወጥም፣ አንድ ግቢ ሙሉ ተማሪ በአንድ የውጭ አድራሻ በሚወጣበት ተቋም እንዲህ ያለው ገደብ ቶሎ ይሞላል። መፍትሔው የሚፈለጉትን ኢሜጆች አንድ ጊዜ አውርዶ በግቢው ውስጥ ባለ ሰርቨር ላይ ማከማቸት ነው፤ ኢሜጅ ወደ አንድ ፋይል ተለውጦ በፍላሽ ተጭኖም ሊጓዝ ስለሚችል፣ በነፋስ መውጫ ወይም በእብናት ያለ መሥሪያ ቤት ምንም ሳያወርድ መጠቀም ይችላል። የአገሪቱ የጤና መረጃ የሚሰበሰብበትና በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት የሚዘጋጀው ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 የተባለው ነጻ ሶፍትዌር በኢሜጅ መልክም የሚሰራጭ በመሆኑ፣ ባለሙያዎችን ለማሠልጠን የሚሆን የመለማመጃ ቅጂ በዚህ መንገድ በአንድ ላፕቶፕ ላይ ሊነሣ ይችላል።

በውጭ አገር የተዘጋጁ ኢሜጆች መጠናቸውን ለመቀነስ ሲባል ብዙ ነገር ስለሚጎድላቸው በአማርኛ ሲሠራባቸው ጉድለቱ ወዲያው ይታያል። የተማሪ ውጤት ወይም ደብዳቤ በፒ.ዲ.ኤፍ. የሚያወጣ ፕሮግራም በላፕቶፕ ላይ በትክክል ሲጽፍ ቆይቶ ኮንቴይነር ውስጥ ሲገባ በፊደሎቹ ፈንታ ባዶ አራት ማዕዘኖች ያትማል፤ ምክንያቱ በኢሜጁ ውስጥ የግእዝ ፊደል የያዘ ፎንት አለመኖሩ ስለሆነ፣ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ያለውን ነጻ ፎንት ኢሜጁ ሲሠራ መጨመር ይበቃል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ ኮንቴይነር ካልታዘዘ በቀር ከአዲስ አበባ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ የቀረውን ዓለም አቀፍ ሰዓት ስለሚከተል፣ በሆስፒታል ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት የተመዘገበ ወሊድ ወይም ሕክምና የዋዜማውን ቀን ይዞ ሊገኝ ይችላል።

ምንጩ ራሱ ይታመናል?

ምንጭ ኮድ ግልጽ ስለሆነ ብቻ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለው ባለሙያ አንድ የመግቢያ አገልግሎት ከወትሮው በጥቂቱ መዘግየቱ አጠራጥሮት ሲመረምር፣ ኤክስ.ዚ. በተባለው በብዙ የሊኑክስ ሥርጭቶች ውስጥ በሚገኝ የፋይል ማመቂያ እትሞች 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የስውር በር አገኘ። ከሁሉ የሚያስተምረው የአቀባበሩ ሁኔታ ነው፤ ተንኮሉን የሚያስነሣው ክፍል ማንኛውም ሰው በሚመለከተው የጊት ማከማቻ ውስጥ ሳይሆን ለማውረድ በተዘጋጀው የታሸገ ምንጭ ውስጥ ብቻ ገብቶ ነበር። ስለዚህ ከምንጭ የሚሠራ ሰው የወረደውን ፋይል አዘጋጆቹ ካወጡት የማረጋገጫ አኃዝ ጋር ማመሳከር፣ የዲጂታል ፊርማውን መመርመርና በተቻለ መጠን ፊርማ ካለው የጊት እትም መነሣት ይጠበቅበታል፤ ኢንጂኑ በአንድ ማሽን ያሉ ኮንቴይነሮችን ሁሉ የሚያዝ በመሆኑ ይህ ጥንቃቄ በሌላ ተራ ፕሮግራም ላይ ከሚደረገው መብለጥ አለበት።

የእጅ ሥራው ከሰው ጋር እንዳይሄድ

ያለቀለት ዕቃ ከመቀበል ይልቅ አሠራሩን ወደ አገር የማምጣት ሐሳብ በደብረ ታቦር አካባቢ ረጅም ታሪክ አለው። ዐፄ ቴዎድሮስ በከተማዋ አቅራቢያ ባለችው ጋፋት አውሮፓውያን ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን አስፍረው መድፍ እንዲያቀልጡላቸው ያደረጉት መሣሪያ ለማግኘት ብቻ ሳይሆን ጥበቡ በአገራቸው እንዲተከል ስለፈለጉም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1867 የተሠራውና ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል መድፍ መንገድ እየተጠረገለት ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ተጎትቶ ከወራት ጉዞ በኋላ በ1860 ዓ.ም. መጋቢት ደረሰ። ይሁን እንጂ ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ ሲሞቱ ባለሙያዎቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገሩን ለቀው ወጡ፤ ከመካከላቸው አንዱ የነበረው ቴዎፍሎስ ቫልድማየር ቀሪ ዘመኑን በሊባኖስ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል በማቋቋም አሳለፈ፤ የጋፋት ማቅለጫም ሥራው አልቀጠለም። መድፉ ቀረ፣ ሙያው ግን በጥቂት ሰዎች እጅ ስለነበር ከሰዎቹ ጋር ሄደ።

ይህ ታሪክ ከሶፍትዌር ጋር የሚገናኘው በዚህ የመጨረሻ ነጥብ ነው። አንድ ትጉህ ባለሙያ ኢንጂኑን ከምንጭ ሠርቶ፣ ጎዶሎውን ሞልቶ፣ ፈቃዱን ጽፎ፣ ሁሉን አሳምሮ ከሄደ በኋላ በወረቀት የተወው ነገር ከሌለ፣ የሚተካው ሰው በእጁ ያለው የሚሠራ ግን ሊነካ የማይደፈር ማሽን ነው፤ የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ ማሻሻል ስለማይችል ወይ አደጋውን ተሸክሞ ይቀጥላል፣ ወይ ሁሉን አፍርሶ ከማከማቻ ይጭናል። የባለሙያ ፍልሰት በበዛበት ተቋም ውስጥ ይህ በእጅጉ የሚጠበቅ ነገር ስለሆነ፣ ከምንጭ የተሠራው ነገር የተቋሙ ንብረት የሚሆነው አሠራሩ በግለሰብ ጭንቅላት ውስጥ መቆየቱ ቀርቶ በጽሑፍ ሲሰፍር ነው።

ጽሑፉ ረጅም መሆን አያስፈልገውም። የእያንዳንዱ ክፍል ምንጭ ከየት እንደወረደና እትሙ ስንት እንደሆነ፣ የማረጋገጫው አኃዝ ምን እንደነበር፣ ግንባታው በየትኞቹ ትእዛዞች እንደተከናወነ፣ የትኞቹ የቅንብር ፋይሎች በእጅ እንደተጻፉና ለምን እንደተጻፉ፣ የደኅንነት ማስታወቂያዎችን በየጊዜው የሚከታተለው ማን እንደሆነ በቅደም ተከተል መስፈር ይበቃዋል፤ ትእዛዞቹ ማሽኑ ራሱ በሚያነበው ስክሪፕት ውስጥ ከተጻፉ ደግሞ የበለጠ ይሻላል። ምንጮቹም፣ ኮምፓይለሩም፣ ኢሜጆቹም ከዚህ ጽሑፍ ጋር በግቢው ሰርቨርና ከእርሱ ውጭ ባለ አንድ ሌላ ዲስክ ላይ ይቀመጣሉ። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚመዝነው ፈተና ቀላል ነው፦ ኢንጂኑን ያልሠራ ሌላ ሰው የኢንተርኔቱን ገመድ ነቅሎ በባዶ ማሽን ላይ ጽሑፉን እየተከተለ እንደገና ሲሠራው ከተሳካለት መጫኑ ተጠናቅቋል ማለት ይቻላል፤ ካልተሳካለት ግን ለዕለት ሥራ የማከማቻውን ፓኬጅ እየተጠቀሙ የምንጩን ግንባታ ለላቦራቶሪ ትምህርት ማቆየት የተሻለው ውሳኔ ይሆናል።